የምድር ቤቱ ማራገቢያ

«መጠጥ ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል!» አለች አክስትየው፣ ስልኩን በጆሮዋና በትከሻዋ መሃል አጣብቃ የበሽተኛውን ሸሚዞች እያጣጠፈች። «ጉበት የሚያበላሽ ሌላ ምን አለ? ደብቆን ኖሮ ነዋ! ሥራ ላይ ነኝ እያለ የት እንደሚውል ማን ያውቃል? እኔማ ዓይኑ ቢጫ ሲሆን ያኔውኑ ገብቶኛል።» ሳሎኑ ጠባብ ነው፤ የመኝታ ቤቱ በር ደግሞ ካበጠ ሁለት ዓመት አልፎታልና ገጥሞ አይዘጋም። አክስትየው ድምፅ ዝቅ ማድረግ የሚባል ነገር አታውቅም፤ ምስጢር ስታወራ እንኳን ማዶ ሕንፃ ድረስ ይሰማል። በሽተኛው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተኝቶ እያንዳንዷን ቃል ይሰማል። የጠዋት መድኃኒቱን በመዳፏ ይዛ አልጋው ጠርዝ ላይ የተቀመጠችው ታናሽ እህቱም ትሰማለች።

እንግዲህ ይህ ሰው በሃምሳ አራት ዓመቱ አንዲት ጠብታ ቀምሶ አያውቅም። ሰርግ ላይ ብርጭቆ አንሱ ሲባል ውሃ ያነሳል። ጓደኞቹ ሲያሾፉበት «እጄ ከተንቀጠቀጠ ቀለሙ ይዛነፋል» ብሎ ይስቃል። ሠላሳ ዓመት ማተሚያ ማሽን ላይ ቆሟል፤ ከነዚህ ውስጥ አሥራ አምስቱን በአለቃነት፤ ከዚያ ወዲህ ሚስቱ ሳትቀር «አለቃ» ነው የምትለው። ከሁለት ወር በፊት የሐሞት ቧንቧ ካንሰር ተባለ። ለቀዶ ጥገና ረፍዷል ተባለ። የተዘጋውን ቧንቧ የሚያስተነፍስ ቀጭን ቱቦ ገባለትና ቢጫው ትንሽ ቀለል አለለት። እህቱ አሁን ተነስቶ «አንቺ ሴትዮ፣ አፍሽን ያዢ!» ሲል ጠበቀች። እሱ ግን ክኒኑን ተቀብሎ ዋጠና «ተያት» አለ። «እንዴት ተያት? ስም ስታጠፋ!» «ተያት አልኩሽ እኮ። መጠጥ ነው ካለች መጠጥ ይሁን።»

እህቲቱ ደሟ ፈላ። ወደ ማድ ቤት ስትወጣ የባሰውን አየች፤ የወንድሟ ሚስት ወንበር ላይ ቆማ ከላይኛው ቁም ሣጥን ድስቶቹን አንድ በአንድ እያወረደች ከኋላቸው ያለውን ትደባብሳለች። ስትያዝ ፊቷ ተለዋወጠ። «ክዳን ጠፍቶብኝ ነው» አለች። ክዳኑ ፊት ለፊቷ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ሃያ ስድስት ዓመት አንድ አልጋ ላይ የተኛችው ሴት ለባሏ ጠርሙስ እየፈለገች ነው! «እትዬ፣ አንቺም?» ብትላት ሴትየዋ ወንበሩ ላይ እንደቆመች ዓይኗ እንባ ሞላ። «ምን ላድርግ? አልጠጣሁም ብሎ አንዴ እንኳን አይመልስላትም። ሰው የሌለበትን ነገር ዝም ብሎ ይቀበላል?» አለች። እህቲቱ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።

ሥራዋ ሆስፒታል ነው። ከታመመ ሰው አካል የተቆነጠረ ሥጋ ወደሚመረመርበት ክፍል ይመጣል፤ እሷ ሰም ውስጥ ታደርቀዋለች፣ ከዚያ በመቁረጫው ማሽን ከፀጉር ስስነት በብዙ እጥፍ የቀጠነ ቅጠል እየቆረጠች መስታወት ላይ ታሳርፈዋለች፣ ቀለም ትነክረዋለች፣ ናሙናውን ለምታነበው ሐኪም ታቀርባለች። አሥራ ስድስት ዓመት ይህንን ሠርታለች። የሥራ ባልደረቦቿ «ምላጭ» ይሏታል፤ ለእጇም ነው ለምላሷም ነው። ትምህርቷን ያስተማራት ይኸው ወንድሟ ነው። አባታቸው ሲሞት እሷ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፤ የደብተሯ ሽፋን ሁሉ እሱ ማተሚያ ቤት የተረፈ ወፍራም ወረቀት ነበር፤ ከክፍል ልጆች ሁሉ የሚያምር ደብተር የእሷ ነበር። ትወደዋለች። አፍ አውጥታ ነግራው አታውቅም፤ በነሱ ቤት እንዲህ ያለ ነገር አይነገርም።

በመንገዷ መድኃኒት ቤት ጎራ ብላ የሚቀጥለውን ሳምንት ክኒን ገዛች። ዋጋው ካለፈው ወር በሲሶ ጨምሯል። ባለ መድኃኒቱ «እኔ አይደለሁም ያስጨመርኩት» አለ፣ ማንም ሳይጠይቀው። አውቶቡሱ ውስጥ ቆማ ሄደች። ሥራ ገበታዋ ላይ ስትደርስ የዕለቱ ናሙናዎች በሳህን ተደርድረዋል፤ አሥራ አንድ ናቸው። ሰባተኛውን ስታነሳ ቅጹ ላይ ዓይኗ ቀረ። ወንድ፣ ሠላሳ አራት ዓመት። ሥራ፣ ማተሚያ ቤት። ቢጫ መሆን፣ የሐሞት ቧንቧ መዘጋት፣ ቧንቧው ላይ እብጠት። ስሙን ደግማ አነበበችው። በወንድሟ ቤት «ሳቂታው» የሚባለው፣ ማተሚያ ቤቱ ውስጥ ቀለም የሚቀባውን የማሽን ሮለር የሚያጥበው ነው፤ ስንት እሁድ ከነሱ ጋር ምሳ የበላ፣ ሳቁ ጎረቤት የሚቀሰቅስ ጎልማሳ።  ሆኖም ቁጥሩን ጻፈች፣ ሰሙን አቀዘቀዘች፣ እንደ ሌላው ሁሉ ቆረጠችው። እጇ አልተንቀጠቀጠም፤ በዚህም በራሷ ትንሽ አፈረች።

ሐኪሟ ባለ ሁለት መመልከቻ ማይክሮስኮፗ ላይ ተቀምጣ «ነይ እዪ» አለቻት ከረፋዱ በኋላ። ጤነኛ የሐሞት ቧንቧ ውስጡ በአንድ ረድፍ ሴሎች የተለበጠ ነው፤ ሥርዓት ያለው ሰልፍ ይመስላል። እዚህ ሰልፉ ፈርሷል። ሴሎቹ አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርበዋል፤ አስኳላቸው አንዱ ትልቅ አንዱ ትንሽ፤ ቧንቧ ለመሥራት እየሞከሩ አጣመውታል፤ አልፈው ሄደው በዙሪያው ያለውን ሥጋ ዘልቀውታል። ምላጭ ልጁ ከወንድሟ ጋር አንድ ክፍል እንደሚሠራ ነገረቻት። «አሁን የወንድምሽን አምጪ» አለች ሐኪሟ። ምላጭ መስታወቱን ከናሙና ሣጥኑ ውስጥ ሳትፈልግ ነው ያገኘችው፤ በሁለቱ ወር ውስጥ ስንቴ እንዳወጣችው እሷ ታውቃለች። ጎን ለጎን አዩዋቸው። ሐኪሟ መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን አሸች። «ይህንን በሽታ እዚህ በዓመት ሦስት አራት ጊዜ ባየው ነው፤ ያውም ሽማግሌ ላይ። ሠላሳ አራት ዓመት? ሁለት ሰው ከአንድ ክፍል? እዚያ ቤት የሚተነፍሱት ምንድነው?»

ምላጭ ሠላሳ ዓመት የወንድሟን ልብስ ሽታ ስታሸት ኖራ፣ ሽታው የምን እንደሆነ ጠይቃ አታውቅም። ሐኪሟ ቀጠለች። «እኔ እጽፋለሁ። ግን ደብዳቤ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ሲዞር ወራት ይፈጃል፤ ታውቂዋለሽ። ነገ ጠዋት ሊያስቆመው የሚችለው የዚያ ክፍል ሰው ነው። የዚህን ልጅ ውጤት ለማንም አትናገሪም፤ እሱ ራሱ ገና አልሰማም። ክፍሉን ሄዶ ማየት ግን ማንም አይከለክልሽም።»

ማተሚያ ቤቱ ከሆስፒታሉ ሁለት ፌርማታ ነው። በምሳ ሰዓት ሄደች። ባለቤቱ ፎቅ ላይ ቢሮ አለው፤ እስከ ምድር ቤቱ የሚወርደው ሥራ ሲዘገይ ብቻ ነው። ደረጃውን እንደወረደች ያ ሽታ ተቀበላት፤ ጣፋጭ፣ ራስ የሚያዞር፣ ወንድሟ ሲያቅፋት የሚሸት። መስኮት የለም። ሁለት ማሽኖች፣ የወረቀት ክምር፣ ሁለት ትልልቅ የቀለም ማጠቢያ ፈሳሽ በርሜል፣ በፈሳሹ የተነከረ ጨርቅ የሞላበት ባልዲ። አራት ሠራተኞች ናቸው የቀሩት። ቀለም በተቀየረ ቁጥር አንዱ ጨርቁን በባዶ እጁ ያነሳና ሮለሩን እስኪያበራ ያሻል፤ በቀን አርባ ጊዜ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። «የአለቃ እህት! የአለቃ እህት መጣች!» ብለው ከበቧት። የማሽን ሠራተኛው፣ ረጅሙ የሚሉት፣ ራሱ የተቀመጠበትን ሳጥን በክንዱ ጠርጎ አስቀመጣት። ስለ አለቃ ጤና ጠየቋት፣ መቼ እንደሚመለስ ጠየቋት፣ ወንበሩ ላይ ማንም እንዳልተቀመጠ ነገሯት።

ጣሪያው ጥግ ላይ አየሩን ወደ ውጭ የሚያስወጣ ሰፊ ማራገቢያ አለ። ማብሪያው በፕላስተር ታሽጓል፤ ፕላስተሩ ላይ በወንድሟ የእጅ ጽሑፍ «አይነካ» የሚል አለ። «ይህ ተበላሽቶ ነው?» አለች። ረጅሙ ሳቀ። «ኧረ ደህና ነው! አለቃ ነው ያሸገው፣ ሰባት ዓመት አለፈው። የልጆች መጽሐፍ አትመን ነበር፤ ማራገቢያው ወረቀቱን እያነሳ ቀለሙ ተዛነፈ። የሥዕሉ ልጆች ሁሉ ከንፈራቸው ጉንጫቸው ላይ ታተመ! አምስት ሺህ መጽሐፍ ተመላሽ። ከዚያ ወዲህ ዝግ ነው። አንድም ሥራ ተመላሽ ሆኖብን አያውቅም።» ይህንን ሲናገር ደረቱን ነፋ። «ታዲያ እሱ ከታመመ ወዲህም አልከፈታችሁትም?» «ምን በወጣን! ሲመለስ እንደተወው ነው የሚያገኘው።» ሦስቱም ራሳቸውን ነቀነቁ። ዛሬውኑ ክፈቱት፣ ይህ ፈሳሽ ሳይጎዳችሁ አይቀርም አለቻቸው። ረጅሙ በፍቅር ትከሻዋን መታ አደረገና «አንቺ ሥጋሽን ቁረጪ፣ እኛ ወረቀታችንን እናትም፤ እሱ ይበለንና እንከፍታለን» አለ። ሳቂታው የት ሄደ ብላ ጠየቀች፤ ለማወቅ አይደለም፣ ምን እንደሚሉ ለመስማት ነው። ረጅሙ በጣቱ ጉሮሮውን ነካ ነካ አድርጎ ጠቀሳት። «ጉበቱን አመመው። እሱ እንኳን ቢራ አይጠላም፤ አይ እሱ!»

ወንድሟ ለአክስትየው መልስ ያልሰጠው ለምን እንደሆነ መንገድ ላይ ጠረጠረች፤ አውቶቡሱ እስኪደርስ ደግሞ እርግጠኛ ሆነች።

ለከሰዓት ፈቃድ ጠይቃ ቤት ስትደርስ አክስትየው በሩ ላይ «ምነው ከሥራ? ምን ሆንሽ?» ብላ ጮኸች። አልመለሰችላትም። የመኝታ ቤቱን በር ገፍታ፣ የማይገጥመውን በር በወንበር ደግፋ፣ አልጋው ላይ ተቀመጠች። «ጋሼ፣ ምድር ቤቱን አይቼ መጣሁ» አለችው።

ወደ እሷ ዞረና «እንዴት ነው የሚሆነው?» አለ። «ሐኪሞቹ ሴል ተበላሸ ይሉኛል። ሴል እንዴት ነው የሚበላሸው? በደንብ ንገሪኝ፣ እንደ ሕፃን አታባብይኝ።» እሷም አላባበለችውም። ማጠቢያው በትንፋሽ ይገባል፣ በደም ጉበት ይደርሳል አለችው። ጉበት እንግዳ ነገር ሲመጣበት ሌላ ነገር ለጥፎበት ሊያስወጣው ይሞክራል፤ አንዳንዱ ፈሳሽ ግን ሲለጠፍበት ነው የሚከፋው፤ ከሐሞት ጋር ሲወርድ የቧንቧውን ግድግዳ እየነከሰ ነው። የተነከሰው ሴል ይሞታል። በዙሪያው ያሉት «ጠግኑ፣ ተባዙ» የሚል መልእክት ይላላካሉ። ይህ ደግ ነገር ነው፤ ቁስል የሚድነው እንደዚህ ነው። ነገር ግን በየቀኑ የሚነከስ ቦታ በየቀኑ ይጠገናል፤ ጥገና ሁሉ ደግሞ ቅጂ ነው። «ሴሉ ሲባዛ ያለውን ጽሑፍ በሙሉ ይገለብጣል። ሦስት ቢሊዮን ፊደል ነው።»

«ሦስት ቢሊዮን!» አለ ከትራሱ ቀና ብሎ፤ በሽታው ለአፍታ ተረሳው። «ማን ነው የሚያርመው?»

«አራሚዎች አሉት። ከነሱ በላይ ደግሞ ፒ-53 የሚሉት አለ። ጽሑፉ ከተጎዳ ማሽኑን ያስቆማል። እስኪታረም አያስነሳም። የማይታረም ከሆነ ሴሉ ራሱን እንዲያጠፋ ያዘዋል።»

«ጎበዝ አለቃ ነው» አለ።

«ጎበዝ ነው። ግን እሱም የተጻፈው እዚያው ጽሑፍ ውስጥ ነው። ስህተቱ እሱ የተጻፈበት መስመር ላይ ካረፈ የሚያስቆም ሰው የለም።» ያንተ ናሙና ላይ በቀለም አይቼዋለሁ፣ የተበላሸው ሲከማች ቡናማ ይሆናል፣ ስላይዱ ሙሉ ቡናማ ነው አለችው። ከዚያ ሌላ መስመር ላይ ሌላ ስህተት ያርፋል፤ ማስነሻው ተጭኖ እንደቀረ ይቀራል። በመጨረሻ ሴሉ ከጎረቤት መልእክት መጠበቁን ይተውና «ተባዛ» የሚለውን ለራሱ ራሱ መላክ ይጀምራል። ከዚያ በኋላ ቁስልም አያስፈልገው፣ ማጠቢያም አያስፈልገው። ይህ ሁሉ በአንድ ቀን አይሆንም፤ ዓመታት ይፈጃል። አንድ ሰው ላይ ይሆናል፣ ሌላው ላይ ላይሆን ይችላል።

ጣሪያውን እያየ አዳመጠ። «ማራገቢያው ቢከፈት ኖሮስ?» አለ።

ሌላ ሰው ቢሆን ትዋሸው ነበር። «አይዝህም ነበር ልልህ አልችልም። ግን የምትተነፍሱት በብዙ ያነሰ ይሆን ነበር።»

«ሳቂታው ከሦስት ሳምንት በፊት ሊጠይቀኝ መጥቶ ነበር» አለ። «እዚሁ አንቺ የተቀመጥሽበት ተቀመጠ። ሲስቅ ዓይኑን አየሁት። መስታወት ውስጥ የማየው የራሴ ዓይን ነው። ያን ጊዜ አወቅሁ። በማግስቱ አክስታችን መጠጥ ነው ማለት ስትጀምር፣ እውነቴን ነው የምልሽ፣ ደስ አለኝ። መጠጥ ከሆነ የራሴን ሆድ ብቻ ነው ያበላሸሁት።»

«ሚስትህ እኮ በየቁም ሣጥኑ ጠርሙስ እየፈለገች ነው!»

«ሰማኋት። ድስቶቹ ሲንኳኩ ሰማኋት።» እጁን ዘርግቶ አየው። «ያንን ማብሪያ እኔ ነኝ በእጄ ያሸግኩት። ሠላሳ ዓመት ሠርቼ የተረፈኝ እነዚያ ልጆች የሚያከብሩት ስሜ ነው። እሱንም ልትወስጂብኝ ነው የመጣሽው?»

 ይህ ሰው ነው ያሳደጋት። ሊሞት ነው፤ ቢበዛ አንድ ክረምት ነው የቀረው፤ እሷ ደግሞ አልጋው ላይ ተቀምጣ ስሙን እንዲተው እየጠየቀችው ነው። ብትነሳና ብትሄድ ማንም አይወቅሳትም። «አዎ፣ ለዚያ ነው የመጣሁት» አለች። «አራት ሰው አሁን በዚህች ደቂቃ እዚያ ቆሞ እየተነፈሰው ነው። እኔ ብላቸው ሳቁብኝ። ያንተን ቃል ነው የሚጠብቁት። ላንተ ክብር ብለው ነው ያልከፈቱት፣ ጋሼ!»

የመጨረሻውን ስትናገር ጮኻ ነበር። ሳሎን ውስጥ ያለው ወሬ ቀጥ አለ። በሽተኛው ብርድ ልብሱን ገፎ እግሮቹን መሬት አወረደ። እግሮቹ ቀጥነዋል። «ወንበሩን አንሺው» አለ። «ሁለቱንም ጥሪያቸው፤ ይስሙ።»

ሚስቱ እጇን በቀሚሷ እያደረቀች ገባች፤ አክስትየው በሩ ላይ ቆመች። ሚስቱን «እኔ ጠጥቼ አላውቅም» አላት። «ዝም ያልኩት ሌላ ነገር ልደብቅ ብዬ ነው። አሁን ትሰሚያለሽ።» እሷም አጠገቡ ሄዳ ተቀመጠች። አክስትየው አፏን ልትከፍት ነበር፤ ምላጭ አየቻትና ዘጋችው።

ማተሚያ ቤቱ ጋ ደወለና ስልኩን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ድምፁን ለቀቀው። ከማሽኑ ጩኸት ጋር የረጅሙ ድምፅ መጣ። «አለቃ! ልጆች፣ አለቃ ነው! እንዴት ዋሉ አለቃ? ሁሉም እንዳለ ነው፣ ምንም አልነካንም!»

«ማሽኑን አቁሙ» አለ። ጩኸቱ ቀስ በቀስ ሞተ። «ያን ፕላስተር ቅደዱት። ማራገቢያውን ክፈቱ።»

«ወረቀቱን ያነሳብናል እኮ አለቃ!»

«ያንሳው! ሥራው ተመላሽ ይሁን። በርሜሉን ክደኑት፤ ማጠቢያውን ዛሬ ማንም እንዳይነካ። ባለቤቱ ከጠየቀ እኔ አልኩ በሉ፤ ካልገባው ይደውልልኝ።» ትንፋሽ አጠረውና ሚስቱ ጀርባውን ያዘችው። «አሁን ስሙኝ። እኔን ያመመኝ መጠጥ አይደለም። ያ የምናሽበት ፈሳሽ ነው ብዬ ነው የማምነው። እዚያ ያፈንኩባችሁ ደግሞ እኔ ነኝ። የታተመው እንዲያምር ብዬ ነው። ይቅር በሉኝ ለማለት እንኳን አፌ አይደፍርም። ነገ ጠዋት አራታችሁም እህቴ ያለችበት ሆስፒታል ሂዱ፤ ደም ትሰጣላችሁ፣ ትመረመራላችሁ።»

መስመሩ ተቋርጦ እንደሆነ ብሎ ስልኩን አንስቶ አየው። ከዚያ ረጅሙ፣ ያ ጮክ ያለው ድምፁ ወርዶ፣ «አለቃ» አለ። «እርስዎን ሲጀምርዎት ምን ነበር ያደረገዎት?»

እህቱን አየ፤ እሷም ንገራቸው በሚል ራሷን ነቀነቀች።

«ማሳከክ ነበር» አለ። «መዳፌንና የውስጥ እግሬን። የሚታይ ነገር የለውም፣ ሽፍታ የለውም፤ ዝም ብሎ ያሳክካል። ከዚያ ሽንቴ እንደ ሻይ ጠቆረ። ድካም ነው ብዬ ሦስት ወር ለማንም አልተናገርኩም።»

የረጅሙ ድምፅ እንደገና ተሰማ፤ አሁን ግን ከስልኩ ራቅ ብሎ፣ እዚያው አጠገቡ ለቆመ ሰው ነበር።

«አንተ፣ አንተን ከመቼ ጀምሮ ነው የሚያሳክክህ?»